ሰላምታ ካየሽበት እኔ አይደለሁም

ማክሰኞ ጠዋት ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ገበያው እንደ ሌላው ቀን ነበር። ሴቶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከብርዱ የተነሳ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ዝም ብለው ቆመዋል። ስልኮቻቸው መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በየባለቤቶቻቸው ድምፅ ይከራከራሉ። አንዱ "ኧረ እግዜርን ፍሪ፣ ትናንት እንዲህ አልነበረም" ይላል። ሌላው "የገዛሁበትንም አይመልስልኝ" ይላል። ከክርክሩ በፊት ሰላምታ አለ፤ እሱንም የሚጨርሱት ስልኮቹ ናቸው። እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ወገብሽን ተሻለሽ ወይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ሴቶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ስልኮቹ ሲስማሙ ሻጯ ትመዝናለች፣ ገዢዋ ዘንቢሏን ትከፍታለች።

የእኔ ስልክ አይናገርም። ስለዚህ በአፌ ጠየቅሁ። ሻጯ የማላውቃት ወጣት ነበረች። አፌን አየች፣ ከዚያ ስልኬን በዓይኗ ፈለገች፣ ከዚያ እንደገና አፌን አየች። አጠገቧ ያለችው ሴት ስልክሽ ምን ሆኖ ነው እትዬ ብላ ጠየቀችኝ። ጉንፋን ይዞት ነው አልኳት። ሁለቱም ሳቁ። መከራከር ስለማልችልበት የተጠራልኝን ከፍዬ ተመለስኩ።

እቤት ስደርስ ሄራን በሬ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሄራን በአንድ ግድግዳ የምንለያይ ጎረቤቴ ናት። ደብረ ብርሃን ከገባሁ ጀምሮ እሷን ሳላይ የዋልኩበት ቀን ትንሽ ነው። በእጇ የተከደነ ሳህን ይዛለች። በባዶ ሆዴ በብርድ መውጣቴን ተቆጣችና አስቀምጣ አበላችኝ። በቃኝ ብዬ ባቆም "ብዪ እንጂ፣ ብዪ" ትላለች። ቀና ስል ታቀረቅራለች። ዓይኗ ቀልቷል። ምን ሆነሽ ብላት የሽንኩርቴ ሽታ ነው አለች፤ ሽንኩርቱ ግን ገና ዘንቢሉ ውስጥ ነበር።

በልቼ ስጨርስ ስልኬን እንዳውሳት ጠየቀችኝ። የእሷ ስልክ ታሟል፣ እስከ ነገ ብቻ። ይህን እየነገረችኝ ስልኳ ከጉያዋ ውስጥ በራሷ ድምፅ እንዴት አደራችሁ እያለ የእኔን ስልክ ሰላም ይላል። የእኔ ስልክ አልመለሰም። ሄራን ደረቷን በእጇ ይዛ ዝም አሰኘችው። እኔም እንዳልሰማሁ ሆንኩ፤ ስልኬን ግን አልሰጠኋትም። ሳህኗን ሳትወስድ ወጣች።

ስልክ በሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት ባለፈው ክረምት ነው። ልጄ ደብሪቱ ኬብሮን የሚባል ሰው አግብታ ነበር። ኬብሮን ሰው ፊት አንገቱን የሚደፋ፣ ቤቱ ሲገባ ግን እጁ የሚቀድመው ሰው ነው። ሽማግሌ እያስታረቃት ስትመለስ ቆይታ፣ በመጨረሻ ሳትነግረው ወጣችና ሌላ ከተማ ቤት ተከራየች። የት እንዳለች የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ብቻዬን የማውቅ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ኬብሮን እኔ ቤት መጣ። ጉልበቴን ስሞ ተቀመጠና ውሃ ጠማኝ እማማ አለኝ። ስልኬን በርጩማው ላይ ትቼ ጓዳ ገባሁ። ውሃውን እየቀዳሁ የራሴን ድምፅ ከሳሎን ሰማሁ። ድምፄ ረጋ ብሎ፣ እንግዳ እንደሚያስተናግድ ሰው ደስ ብሎት፣ ልጄ ያለችበትን ከተማ ይናገራል። ሰፈሩን ይናገራል። የበሩን ቀለም ይናገራል። የበሩን ቀለም እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። ብርጭቆውን ይዤ ስወጣ ኬብሮን ተነስቶ ቆሟል። ውሃውን ጠጥቶ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ መልሶልኝ፣ አመስግኖኝ ሄደ።

ወዲያው ደብሪቱ ጋ ደወልኩ። ኬብሮን እየመጣ ነው፣ ውጪ አልኳት። እሷ ግን "ይሄ የአንቺ ድምፅ ይሁን የስልክሽ በምን አውቃለሁ?" አለችኝ። የሆዴን ምልክት ብነግራት፣ የክርስትና ስሟን ብነግራት፣ ያን ሁሉ ስልኬም ያውቀዋል። ስልኬን የያዘ ሰው ሁሉ እኔ ነው። እሷ የተረፈችው ኬብሮን ሲደርስ ገበያ ስለነበረች ነው፤ በሯ ላይ ቆሞ ከሩቅ አይታው፣ በያዘችው ዘንቢል ብቻ መኪና ተሳፈረች።

የሄደችው ወንድሜ ያፌት ጋ ነው። ያፌት ታላቄ ነው። ያለበትን ቦታ እዚህም ላይ አልጽፈውም።

ስሜ ሶልያና ነው። እናቴ ስታወጣልኝ አዲስ ስም ነበር፤ ዛሬ ሶልያና ሲባል ሰው የሚታየው ጥርሷ የረገፈ አሮጊት ናት። በእኔ ዕድሜ ካለን ብዙዎቻችን ማንበብ አንችልም። ትምህርት ቤት ገብተናል፤ ነገር ግን ሁሉን ስልክ ስለሚያነብልን ፊደሉ እኛ ጋ አልቆየም። ከእኔ በኋላ የመጡትማ ጭራሽ አልጀመሩትም። ያፌት ግን ያነብባል። ለምን እንደማይተወው ስጠይቀው ዓይኔ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው ይለኝ ነበር። ደብሪቱ እሱ ጋ ከሄደች በኋላ እሷንም አስተማራት። ለእኔም በድምፅ ላከልኝ፦ "ሚጢጢ፣ አንቺም ፊደል ቁጠሪ። ከእንግዲህ ከልጅሽ ጋር በድምፅ አትተማመኑም።" ሚጢጢ የሚለኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ፀጉሬ ሸብቶም አልተወውም።

ፊደል የምንቆጥረው ከእህል ወፍጮው ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ቦታው የተመረጠው ወፍጮው ስለሚጮህ ነው። ስንገባ ስልኮቻችንን የዱቄት በርሜል ውስጥ እንጨምርና እንከድናለን። ተማሪዎቹ አብዛኞቻችን እናቶች ነን። ማንም ማንንም ለምን መጣሽ ብሎ አይጠይቅም። መምህራችን ኖላዊ ይባላል፤ በወፍጮው ጩኸት ላይ መጮህ ስላለበት ሁልጊዜ ድምፁ የጎረነነ ነው። አንድ ቀን ስለ ቁልፍ አስተማረን። ስልክሽን በእጁ የያዘ ሰው ድምፅሽን ያገኛል አለን። ተኝተሽ ሳለሽ ፊትሽ ላይ ያዞረዋል፣ ጣትሽን አንስቶ ያስነካዋል። "የተኛ ሰው ፊት አለው፣ ጣት አለው። የተኛ ሰው ግን አይጽፍም" አለን።

ስልኩ በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ ድሮም ይቻል ነበር፤ የሚጽፍ ስለሌለ ተረስቷል እንጂ። እኔም በጣቴ ሚጢጢ ብዬ ጽፌ ቆለፍኩት። በሕይወቴ አስቤበት የጻፍኩት የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው። ከዚያ ድምፁን ዘጋሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬ ዝም ያለ ዕቃ ሆነ። ጤና ጣቢያ በር ላይ ሳስረክበው ዘበኛው ያገላብጠዋል፣ ያናግረዋል፣ ይነቀንቀዋል። ውስጥ ደግሞ ነርሷ የሚያመኝን ስልኬን ትጠይቅና መልስ ስታጣ ወደ እኔ ዞራ ምን እንደምታደርገኝ ግራ ይገባታል።

ከደብሪቱ ጋር አንድ ነገር ተስማማን። ሐሳቡ የእሷ ነው። ስንጻጻፍ ሰላምታ አንጽፍም። ሰላምታ የስልክ ሥራ ነው፤ ሌላ ሰው የእኔን ስልክ ይዞ ቢጽፍልሽ ወይም ስልኩ ራሱ ቢጽፍ በሰላምታ ይጀምራል አለችኝ። "ሰላምታ ካየሽበት እኔ አይደለሁም።"

ስለዚህ መልእክቶቿ እንዲህ ነበሩ። ዘነበ። ጎመን ተከልኩ። አጎቴ ያስላል። ጎመኑ በቀለ። አጎቴ ዛሬም ያስላል። አንዱን መልእክት አንብቤ እስክጨርስ ወጥ ያርርብኛል። ግን ማንም ሳይሰማ አነበብኩት ማለት ነው። ሄራን በግድግዳው ማዶ ሆና ምንም አትሰማም። እሷም ሆነች ሌላው ሰው እኔ ገና ሀሁ ላይ ያለሁ ነው የሚመስላቸው፤ እኔም ተዉት ብዬ አላረምኳቸውም።

ወደ ማክሰኞው ልመለስ። ሄራን ከወጣች በኋላ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ከደብሪቱ ነው። ከፈትኩት። መልእክቱ ረጅም ነበር፤ እንዲህ ያለ ረጅም ጽፋልኝ አታውቅም። አንድ በአንድ እያነሳሁ አነበብኩት።

"እማዬ እንዴት ነሽ ጤናሽ እንዴት ነው ወገብሽን ተሻለሽ ወይ ዶሮዋ መጣል ጀመረች ወይ ብርዱ እንዴት ነው እኛ ደህና ነን እግዚአብሔር ይመስገን። ስልክሽን ለእትዬ ሄራን ስጫት።"

ደግሜ አነበብኩት። የተሳሳትኩ መስሎኝ በሦስተኛው እያንዳንዷን ፊደል በጣቴ እየነካሁ ሄድኩ። አልተሳሳትኩም። ከላይ እስከ ታች ሰላምታ ነው።

የደብሪቱ ስልክ በሰው እጅ ነው አልኩ። በማን እጅ? ኬብሮን ዶሮ እንዳለኝ ያውቃል፣ ወገቤን እንደሚያመኝ ያውቃል። ግን ኬብሮን መጻፍ አይችልም። ወይስ ተማረ? እኔ ከተማርኩ እሱ ለምን አይማርም? ስልኩን ይዞት ከሆነ ልጄስ የት ናት? ያፌትስ በቤቱ እያለ እንዴት አስነካው? ሄራንስ ከዚህ ሁሉ ጋር ምን አገናኛት? ጠዋት ራሷ ጠየቀችኝ፣ ከሰዓት ደግሞ በልጄ ስም ይጠየቅላታል።

ማን ነሽ ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ቶሎ መጣ። "እኔ ነኝ እማዬ። ስጫት በቃ።" ይህም ምንም አያስረዳም። ልጄ ብቻ የምታውቀውን ነገር ልጠይቅ አሰብኩና ተውኩት፤ እሷ የምታውቀውን ስልኳም ያውቀዋል።

ድምፁን ለአፍታ ከፍቼ ደወልኩላት። አነሳችው። ድምፁ የእሷ ነው፣ ትንሽ አፍንጫዋን የያዛት ይመስላል። ደህና ነኝ አለችኝ። ማን አጠገብሽ አለ አልኳት። ማንም አለች። ከኋላዋ ግን ብዙ ሰው ሲንሾካሾክ ይሰማኛል። አጎትሽን አቅርቢልኝ ስላት "ተኝቷል እማዬ" አለችኝ።

"በቀን?"

"ደክሞት ነው። አልቀሰቅሰውም።"

ዘጋሁት፤ የስልኩንም ድምፅ መልሼ ዘጋሁ። ያፌት በቀን ተኝቶ አያውቅም።

መሄድ እንዳልችል መናኸሪያው አለ። መናኸሪያ በር ላይ ስልክ ይረከባሉ፤ የማይናገር ስልክ ያለው ሰው አይሳፈርም፤ ድምፁን ከፍቼ ከተሳፈርኩ ደግሞ ስልኬ የምሄድበትን ለበረኛው፣ ለረዳቱ፣ ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል። ኬብሮን ገና ካላገኛት መንገዱን የማሳየው እኔ እሆናለሁ። ካገኛት ደግሞ እዚህ ቁጭ ብዬ ምን እጠብቃለሁ? ወንበሩን ከበሩ ኋላ አስደግፌ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ባሮክ መጣ። ጋሽ ባሮክ የእድራችን ሰብሳቢ ነው፤ ረጅም ነው፣ በሬን ሲገባ ሁልጊዜ ጎንበስ ማለት ይረሳና ግንባሩን ይመታል። ዛሬ ግን ቀስ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። እድሩ የአባላቱን ስልክ እንደ አዲስ ሊመዘግብ ስለሆነ የእኔን ልውሰደው አለኝ። የሄራንስ ተመዘገበ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የእሷ ነገ ነው አለ። የእሱስ? የእሱም ነገ ነው። ከእኔ ለምን እንደሚጀመር ስጠይቀው በፊደል ተራ ነው አለ። ፊደል የማያውቅ ሰው ስለ ፊደል ተራ ሲናገር ስሰማ ይብሱን ፈራሁ።

"ጋሽ ባሮክ፣ እውነቱን ንገረኝ። ኬብሮን መጥቶ አነጋግሯችኋል?" አልኩት።

"የትኛው ኬብሮን?" አለ። በእውነት ግራ የገባው ይመስል ነበር። ከዚያ ጫማውን ጫማውን እያየ "እንግዲህ እንዳሻሽ ሶልያና፤ ብቻ በጊዜ ብትሰጪን ጥሩ ነበር" ብሎ ወጣ።

ከበሩ ኋላ ቆሜ አዳመጥኩ። ሄራን ደጅ ስትጠብቀው ነበር። አልሰጥም አለች ሲላት ሰማሁ። ሄራን ዛሬ ወይ ነገ ይደርሳታል እኮ አለች። እሱም ድምፁን እንደሆነ ዘግታዋለች፣ ማንበብ ደግሞ አትችል፣ እሱ ይሻላል አላት። ሄራን ታለቅሳለች። ምን እንደሚደርሰኝ፣ ማን እንደሚያደርሰው አልገባኝም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ስልኬን ካልለቀቅሁ ልጄን አሳልፌ አልሰጥም።

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ገና ደጁ ላይ እያለች ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ዳር ዳሩ ጥቁር ሆኖ በራ። እንዲህ ያለ ጥቁር የሚመጣው ከመዝገብ ቤት ነው፤ ሰው ሲሞት መዝገብ ቤቱ ለሥጋ ዘመድ ሁሉ በየስልኩ ያስታውቃል። ድምፁ ክፍት ቢሆን ኖሮ በለስላሳ ድምፅ ይነግረኝ ነበር። አሁን ግን ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። ሚጢጢ ብዬ ጻፍኩ። አንዱን ፊደል ስቼ አልተቀበለኝም። እንደገና ጻፍኩና ተከፈተ።

ለወይዘሮ ሶልያና። የቅርብ ዘመድዎ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን እንገልጻለን። ስም።

እዚያ ላይ መስኮቱ ያልቃል። የቀረውን ለማየት በጣት ወደ ላይ መግፋት ያስፈልጋል። አልገፋሁትም። ዶሮዋ ገብታ በእግሬ ሥር ለቅማ ወጣች። ሳላነብበው ብቆይ ልጄ እስከዚያ በሕይወት ትኖራለች ብዬ አሰብኩ። ይህ የሞኝ ሐሳብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን ትክክል መሰለኝ። ከዚያ ገፋሁት።

የመጀመሪያው ፊደል ደ አልነበረም። ያ የምትባለዋ ፊደል ነበረች።

እፎይ አልኩ። በአፌ፣ ጮክ ብዬ፣ ተመስገን ጌታዬ አልኩ። ከዚያ የቀሩትን ፊደሎች አነበብኩ።

ያፌት።

ተመስገን ያልኩበት አፌ እንደተከፈተ ነበር። እናቴ ስትታመም በጀርባው አዝሎኝ ውሃ የወረደ ወንድሜ ነው። ብቻዬን በቤቱ ውስጥ፣ አንድ ዕቃ በእጄ ይዤ፣ ምን እንደማደርግ ግራ ገባኝ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ብቻውን ሲሰማ እጁን የት እንደሚያደርግ ማንም አላስተማረኝም።

ከዚያ አንድ በአንድ ገባኝ። አባቴ ሲሞት እናቴን የነገራት ስልኳ ነው። ታክሲ ውስጥ ነበረች። ስልኳ በአክብሮት ሰላም ካላት በኋላ ነገራት፤ ተሳፋሪው ሁሉ የየራሱን ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ስለነበር ስትወድቅ ያያት የለም። ከእንዲህ ያለው ነገር በኋላ ነው እድሮች ሥርዓት ያወጡት። መርዶ የሚነግረው ሰው ነው፤ ስለዚህ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሐዘንተኛው ስልክ በዘዴ ይወሰዳል። ምግብ ይቀርብለታል፣ ባዶ ሆዱን እንዳይሰማ። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ሄደው ይነግሩታል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ሳህን ይዤ ሄጃለሁ። ስልኬ ታሟል ብዬ ስንት ጎረቤት ዋሽቻለሁ። ሲመጣብኝ አላወቅሁትም።

የደብሪቱም ሰላምታ ገባኝ። ሌላ ሰው አልነበረም የጻፈው፤ ሞቱን ለሄራን ቀድማ የነገረቻትም እሷው ናት። ያልተነገረ ሞት በሆዱ የያዘ ሰው ሰላምታው አያልቅም፤ ከወገብ ወደ ዶሮ፣ ከዶሮ ወደ ብርድ ይሄዳል፣ ወደዚያ ነገር ላለመድረስ። ስምምነታችንን የረሳችው አጎቷ አልጋ ላይ ተዘርግቶ እያየች ስለጻፈች ነው።

መርዶውን ከሰው አፍ እንድሰማ ስልኬን ለሄራን መስጠት ነበረብኝ። ከነቁልፉ መስጠት አልችልም፤ የሐዘንተኛ ስልክ ለእድሩ ተከፍቶ ይሰጣል፣ ከሩቅ ዘመድ የሚመጣውን እነሱ ይቀበላሉና። ስልኩ ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ይሰነብታል። ኬብሮን ደግሞ ይመጣል። የሚስቱ አጎት ሞቶ መቅረት አይችልም፤ ጥቁር ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከቅርጫቱ አጠገብ ይቀመጣል። ማንም የማያየው አፍታ አያጣም።

ስለዚህ ማጥፋት ጀመርኩ። ዘነበ። አጠፋሁት። ጎመን ተከልኩ። አጠፋሁት። ስልኩ እርግጠኛ ነዎት ብሎ ይጠይቀኛል፣ አዎ የሚለውን እነካለሁ። እያንዳንዱን አንድ ጊዜ አንብቤ ነው ያጠፋሁት። ሁሉም አለቀና የያፌት ድምፆች ቀሩ። ከክረምት ጀምሮ የላከልኝ ናቸው። ከእያንዳንዱ ኋላ የሚሰማ ነገር አለ፤ ወንዙ፣ የሰፈሩ ሰው ስም፣ የሚያልፈው መኪና። ስልክ ከዚያ ውስጥ ቦታውን ለቅሞ ያወጣል።

አንዱን ብቻ ልስማ ብዬ ነበር። ግን ለመስማት ድምፁን መክፈት ነበረብኝ፤ ድምፁን ከከፈትኩ ስልኩ ከጥቁሩ ማስታወቂያ ይጀምራል፣ ሄራንም በግድግዳው ማዶ ትሰማለች። ሚጢጢ ብሎ የሚጀምረውን ሁሉ ሳልሰማው አጠፋሁ። እርግጠኛ ነዎት አለኝ። አዎን ነካሁ። ከእንግዲህ ድምፁን ብፈልግ ስልኩ አስመስሎ ይሠራልኛል። እሱን አልፈልግም።

ለደብሪቱ አንድ ቃል ብቻ ጻፍኩላት፦ "ሰጠኋት።"

መልሱ መጣ። "እሺ።" ሰላምታ የለውም። እሷው ናት። እሱንም አጠፋሁ፣ ጥቁሩን ማስታወቂያ እንዳልተከፈተ አድርጌ መለስኩት፣ ቁልፉን አነሳሁ። ከዚህ በኋላ ልጄ ያለችበት ቦታ የተቀመጠው እኔ ውስጥ ብቻ ነው።

የሄራንን ሳህን አጠብኩና ስልኩን በላዩ አድርጌ በሯን አንኳኳሁ። ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ትናንት ስደውልላት ደብሪቱ ስጫት ብላኛለች። መንቀጥቀጥ አብዝቷል፣ ምን እንደሚል እንጃ" አልኳት።

"አልከፈትሽውም?"

"ብከፍተውስ? እኔ ገና ሀሁ ላይ ነኝ።"

ስልኩን ከሳህኑ ላይ አንስታ በነጠላዋ ጠቀለለችው። ትንፋሿ ሲወጣ ሰማሁት፤ በጊዜ የደረሰች ሰው ትንፋሽ ነው። እጄን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀልድ ብጤ ፈልጋ "ለመሆኑ ከሀ እስከ ሁ ስንት ወር ይፈጃል?" አለችኝ። አብረን ሳቅን። እቤቴ ስገባ እራት ይዛ ተከተለችኝና እስክበላ ቆመች።

በሩን ሳልቀረቅር፣ ልብሴን ሳላወልቅ ጋደም አልኩ። ጎህ ሲቀድ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ብዙ ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። ደጅ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ቅርጫቱን አኖሩት መሰለኝ፤ ስልኮቹ እርስ በርሳቸው እንዴት አደራችሁ መባባል ጀመሩ፣ በሁሉም ጎረቤቶቼ ድምፅ። አንድ ሰው ጋቢ አለበሳቸውና ዝም አሉ።

ገቡ። ጋሽ ባሮክ ጎንበስ ማለቱን ረስቶ ግንባሩን በሩ መታው። ሄራን አጠገቤ ተቀመጠች፣ ትከሻዬን ደገፍ አደረገችኝ። ሌሎቹ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ሰላምታ ጀመሩ፣ በየአፋቸው። አልለመዱትም። እንዴት አደርሽ ያለው ሰው መልሴን ሳይጠብቅ ልጆቹስ ይላል፣ ሌላው ወገብሽን ሊል ጉልበትሽን ይላል፣ ሁለት ሰው አንድ ላይ ይጀምርና ሁለቱም ያቆማሉ። ጋሽ ባሮክ ዶሮዋን ጠየቀኝ። ደህና ናት አልኩት። ብርዱን ጠየቀኝ። ይመስገን አልኩት። አልቸኮልኩም። እነሱም አልቸኮሉም። ለእያንዳንዱ እየዞርኩ መለስኩ፤ እስኪነግሩኝ ድረስ አላውቅም።

ሰላምታው አለቀ። የሄራን እጅ ትከሻዬ ላይ ጠበቀ። ጋሽ ባሮክ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሶልያና" አለኝ።

"አቤት" አልኩ።